መጋረጃው ወደ ሐይቁ ሲሳብ

መኝታ ክፍሉን በስልክ ፎቶ ላይ ያየ ሰው እንከን አያወጣለትም። ወደ ጣና የዞረ 3 ሜትር መስታወት አለው፤ ባለ ደረጃ የጅብሰም ኮርኒስ፣ ኮርኒሱ ጥግ ውስጥ የተቀበረ ሐምራዊ መብራት፣ እስከ ወለሉ የወረደ ቀይ የከፋይ መጋረጃ፣ ቁልፍ ቁልፍ የተደረገበት ነጭ የቆዳ ራስጌ። ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን አሳድገው «እስቲ አሁን ደግሞ ለራሳችን» ብለው ነው ገንዘባቸውን ያፈሰሱበት። የቤቱ እመቤት በሩን ከፍተው ካስገቡን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ወንድሜ፣ ለእንግዳ የምናሳየው ይሄን ነው። የምንተኛው ልጆቹ ክፍል ነው።»

«የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የተተረተው ለሰው ጠባይ ነው፤ ለመኝታ ቤት ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። ያ ክፍል ግን ቃል በቃል እንደዚያ ነበር። ለተመልካች አልጋ፣ ለባለቤቶቹ ቀጋ።

የተጠራነው ለኤሲ ነው። የት ይሰቀል፣ ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል፣ ጅብሰሙ ሳይፈርስ ገመዱ በየት ይለፍ። ለእነዚህ ሁሉ መልስ አለ። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን ይከነክናል፦ ሐይቅ አፍንጫው ሥር ያለ ክፍል ለምን ይታፈናል?

## ከምሽቱ 4 ሰዓት

ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ባሕር ዳር የምትግልበት። ይሁንና ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቆላ አይደለችም። ቀን 30 ዲግሪ ቢጠጋም አመሻሽቶ ደጅ የተቀመጠ ሰው ነጠላ ያምረዋል። ውጭው ቀዝቅዞ ውስጡ በላብ የሚያጠምቅ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የቤቱ ነው። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ወንፊቱ ተዘርግቷል፤ መጋረጃው ግን ውሃ እንደጠጣ ጋቢ ተንጠልጥሎ ንቅንቅ አይልም።

በዚህ መሃል አንዱ ልጅ ቻርጀር ሊወስድ የኮሪደሩን በር ከፈተ። ከኮሪደሩ ማዶ፣ በደቡብ በኩል፣ ወደ ከተማው የሚያየው የኩሽና መስኮት ክፍት ነበር። ያ ከባድ ከፋይ ከወለሉ ተነሣ። የተነሣው ግን ወደ ውስጥ አይደለም፤ ወደ ውጭ ተሳበና ወንፊቱ ላይ ልጥፍ አለ። ልጁ በሩን ዘግቶ ሲወጣ መጋረጃው ወደቀ። ጠርተን መልሰን አስከፈትነው፤ መጋረጃው እንደገና ወደ ሐይቁ ሄደ።

አባወራው «ነፋሱ ከጣና አይደል እንዴ የሚመጣው?» አሉ።

ከጣና የሚመጣው ቀን ነው። መሬት ቶሎ ትሞቃለች፣ ቶሎም ትበርዳለች፤ ውሃ በሁለቱም ዝግተኛ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ይተካዋል፤ ሰው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ የሚወደው እሱን ነው። ሌሊት ይገለበጣል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ውሃ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሲያድር መሬቱ ቀድሞ ይበርዳል፤ ዝናብና ማዕበል በሌለበት ሌሊት አየሩ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይጓዛል። ከተማዋ ያለችው በጣና ደቡባዊ ጫፍ ስለሆነ የሌሊቱ ነፋስ ከደቡብ ገብቶ በሰሜን ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ጣና የተከፈተ ሰፊ መስኮት በመኝታ ሰዓት መውጫ እንጂ መግቢያ አይደለም። መውጫ ብቻ ያለው ክፍል ደግሞ ጠርሙስ ነው፤ አፉ ቢከፈትም ውስጡ ያለው አየር አይነቃነቅም። ሐይቅ ዳር የተሠሩ ስንት ዋና መኝታ ቤቶች በዚህ ስሌት እንደተበላሹ ሳስበው ይገርመኛል። ሁሉም ለቀኑ እይታ ተሠርተው ሌሊቱን ረስተዋል። አልጋ ያለበት ክፍል ግን የሌሊት ክፍል ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። በየብሱ በኩል የውጭ ግድግዳ ካለ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይከፈታል፤ ፍርግርግ ብረትና ወንፊት ይገባለታል። ዝቅ የሚለው ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ በተኛው ሰው ላይ እንዲያልፍ ነው። ሞቃቱ ወደ ላይ ስለሚሸሽ መውጫው ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ በሐይቁ በኩል ያለው ትልቅ መስታወት ላይኛው 30 ሳንቲ ሜትሩ ለብቻው የሚከፈት ይሁን። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ከስፋቱ ግማሹን ብቻ እንደሚከፍት ብዙ ሰው አያስተውልም። 3 ሜትር ተብሎ የተገዛው 1 ሜትር ከ50 ነው፤ ወንፊቱ ደግሞ ከዚያ ላይ ሌላ ይቀንሳል።

በየብሱ በኩል ያለው ኮሪደር ከሆነ ከበሩ በላይ በበሩ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አየር ማስገቢያ ይወጣል። እዚህ ላይ ሰዎች ይሽኮረመማሉ፤ ደግሞም ልክ ናቸው፤ ለሁለት ሰው የታሰበ ክፍል ድምፁ ኮሪደር ላይ መሰማት የለበትም። ቀጥ ያለ ቀዳዳ ሳይሆን ሁለት ረድፍ ጠባብ ጣውላ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አዘንብሎ ይደረደራል፤ የውስጥ ፊታቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይለጠፋል። አየር ታጥፎ ያልፋል፣ ብርሃን አያልፍም፣ ድምፅም ተዳክሞ ይቀራል። ኮሪደሩ ራሱ ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት ከሌለው ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

## ኮርኒሱ ላይ ያለው ምድጃ

አየሩ ከተቃና በኋላም ክፍሉ ማታ የሚሞቅ ከሆነ ወደ ላይ መመልከት ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። ያ ሙቀት ከጣሪያውና ከኮርኒሱ መሃል ታምቆ ቁልቁል ይጋግራል። የዚያ ቤት ባለ ደረጃ ጅብሰም ሁለት ጥፋት ነበረበት፦ ኮርኒሱን ወደ 2 ሜትር ከ40 ዝቅ አድርጎ ምድጃውን ወደ አልጋው አቅርቧል፤ ለስፖት መብራት ተብሎ የተበሳሳው ቀዳዳ ደግሞ የታመቀውን ትኩስ አየር፣ ከነአቧራው፣ ወደ ክፍሉ ያንጠባጥባል። በየስፖቱ ዙሪያ የታየው ጥቁር ቀለበት ጭስ አይደለም፤ የዚህ አየር ዱካ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጣሪያው ክፈፍ በሁለቱም ጎን ይተነፍሳል፤ በየ1 ሜትሩ 10 በ20 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ቀዳዳው በሽቦ ወንፊት ካልተሸፈነ የሌሊት ወፍ ይሰፍርበታል፤ ከሰፈረ በኋላ ማስወጣቱም ሽታውን ማጥፋቱም ሌላ ፕሮጀክት ነው። ቀጥሎ ከቆርቆሮው ሥር አንጸባራቂ ፎይል ይወጠራል። ፎይል የሚሠራው የሚያብለጨልጨው ፊቱ ወደ ታች ዞሮ ከሥሩ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ሲያገኝ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ከተለጠፈ ተራ ወረቀት ነው። በመጨረሻ ኮርኒሱ ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፋይበር ግላስ፣ ማለትም ሙቀት የሚከለክል የመስታወት ጥጥ፣ ሳይጨፈለቅ ይነጠፋል። የሚያነጥፈው ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ አለበለዚያ ሲያክክ ይሰነብታል። ይህ ሁሉ አልጋው ከመገዛቱ በፊት ነው የሚሠራው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በአዲስ ፍራሽ ላይ የጅብሰም አቧራ ሲወርድ አይቶ ያልተቆጨ የለም።

ግድግዳም ያታልላል። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የምዕራብ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ሲመታው ሙቀቱን ወዲያው አያስገባም፤ እየዘገየ ማታ ሰው ሊተኛ ሲል ነው የሚያደርሰው። ራስጌውን የምዕራብ ግድግዳ ላይ ያስደገፈ ሰው ምጣድ ተደግፎ ያድራል። አልጋው ይዙር፤ ካልዞረ ከውጭ በኩል ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ በቆመ ሽቦ ላይ ሐረግ ማሳደግ ነው። የሰሜኑ መስታወትም ቢሆን ሁሌ ጥላ አይደለም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ጠዋትና ወደ ማታ ላይ በሐይቁ በኩል ገብታ አልጋ ላይ ትወጣለች። የ80 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ቀትሩን ይመልሳል፤ የጎኑን ግን የሚመልሰው በረንዳ ነው። ዘጌ ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ልብ ብሎ ያየ ይገባዋል፤ መቅደሱን ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ስለሚከበው ፀሐይ የውስጡን ግድግዳ አታገኘውም።

## አጎበር የሚደበቅ ነገር አይደለም

ሐይቅ ዳር ላይ የቅንጦት መኝታ ቤት ይሠራልኝ የሚል ሰው ሁሉ አጎበሩን የት እንደሚደብቀው ይጠይቃል። ለእኔ ክፍሉ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያምረው አጎበሩ ነው፤ በአግባቡ ከተሰፋ። ችግሩ በአንዲት ሚስማር ከመሃል ተንጠልጥሎ እንደ ድንኳን መጥበቡ ነው። ሁለት ሰው ሲገላበጥ ክንድና ጉልበት ከመረቡ ይነካካል፤ ትንኟ ደግሞ በመረቡ ቀዳዳ አፏን አስገብታ ትወጋለች። ክረምት ወጥቶ ውሃው በየቦታው ሲቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ይህ የውበት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ወባ ነው።

ለ1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር አልጋ የእንጨት ወይም የቀጭን ብረት ፍሬም በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ተርፎ፣ 2.20 በ2.40 ሆኖ፣ ከወለሉ 2 ሜትር ከ30 ላይ ይሰቀላል። ዙሪያው 9 ሜትር ከ20 ይመጣል። ጨርቁ በልኩ ከተቆረጠ እንደ ሣጥን ይወጠራል እንጂ አይፈስም፤ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 14 ሜትር ገደማ፣ ያስፈልገዋል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ45 ይሁን፤ የተረፈው 15 ሳንቲ ሜትር ወለሉ ላይ የሚያርፈው ነው። መግቢያው ላይ ሁለቱ ጫፎች 50 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ። ላዩም ይሸፈን፤ ይህን የሚረሳ ሰፊ አለ።

ሁሉን ነገር በእጥፍ ማድረግ የሚወዱም ብዙ ናቸው፤ መረብ፣ በላዩ ሳስ ያለ ጨርቅ፣ በላዩ ደግሞ ዳንቴል። ያን ጊዜ በስንት ልፋት ያስገባነው የደቡብ ነፋስ አልጋው በር ላይ ይቀራል። መረቡ አንድ ንብርብር ብቻ ይሁን፤ ለጌጥ የሚፈለገው ነጭ ጥጥ በአራቱ ማዕዘን ተሰብስቦ ይታሰር። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይደርቃል፤ በረኪናና ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፉታል። 20 ያህል እጥበት እንዲችል ተደርጎ ስለሚሠራ በየሳምንቱ ማጠብ ማባከን ነው። ሻማ በአጠገቡ አይበራም። ፎቶ ላይ ቢያምርም አይበራም።

## ሐምራዊው መብራት

ሐምራዊ መብራት ሆቴል በረንዳ ላይ ምናልባት። መኝታ ቤት ውስጥ የሰው ፊት እንደ ታመመ ያስመስላል። አምፖል ሲገዛ ካርቶኑ ላይ 2,700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ይፈለግ፤ እንደ ፋኖስ የሞቀ ቢጫ ነው፤ ከነጭና ከሰማያዊ ብርሃን ይልቅ የሐይቅ ዳር በራሪ ነፍሳትንም ያነሰ ይጠራል። ማብሪያው በሦስት ይከፈል፦ አንዱ ለጽዳትና ለልብስ መፈለጊያ፣ አንዱ ለግድግዳ፣ አንዱ ለራስጌ። የራስጌው ማጥፊያና ሶኬት በሁለቱም ጎን ከወለሉ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ከኮመዲኖው ትንሽ በላይ ይሁን፤ መብራት ለማጥፋት ከአጎበር የሚወጣ ሰው ትንኝ ይዞ ይመለሳል። ለአምፖሉ መሸፈኛ ጣና ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ ሠሪዎች የሚገዛ የደንገል ሥራን የሚያህል አላየሁም፤ ብርሃኑ በስንጥቁ እየተቆራረጠ ግድግዳ ላይ ይወድቃል። በደንብ የደረቀ መሆኑ ይጣራ፤ እርጥብ ደንገል ክረምት ላይ ይሻግታል። አምፖሉም የማይግለው ኤልኢዲ ይሁን።

## እጅና አፍንጫ

ነጩ የቆዳ ራስጌ ቆዳ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሰው ሠራሽ ነገር በሙቀት፣ በላብና በክረምት እርጥበት ከጥቂት ዓመት በኋላ እየተቀረፈ ትራስ ላይ ይረግፋል። በዋንዛ የተሠራ ራስጌ እያደር ይጠቁራል፣ ያምራል። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል። ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ደግሞ እግሩ እርጥብ ሴራሚክ ከነካ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ቁም ሣጥን ከእሱ ከተሠራ ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር የብረት ወይም የጣውላ እግር ይግባለት፣ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልብስ የሚሸትተው ቁም ሣጥኑ አየር የማያልፍበት ጀርባ ስላለው ነው።

ፍራሹ ከጠፍጣፋ ሙሉ ጣውላ ይልቅ በርብራብ ላይ ይሻላል፤ በርብራቡ መሃል ያለው ክፍተት ከ7 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ አለበለዚያ ስፖንጁ እየገባ ይጎደጉዳል። ሙሉ ጣውላ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ግን ከሥሩ ላብ ይይዛል፤ አንሥቶ ያየ ሰው ጥቁር ነጥብ ያገኛል። አንሶላ ሲገዛ «መቶ በመቶ ጥጥ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ አይታመን። ከጫፉ አንድ ክር ተመዝዞ ይቃጠል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ቋር ይሠራል። ከላይ ከታኅሣሥና ከጥር ብርድ በቀር ጋቢ ይበቃል። ከውጭ ከመጣ ወፍራም ኮምፎርተር ይልቅ አራት እጥፍ ጋቢ ላብ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። እግር ሲወርድ የሚነካው ነገርም ይታሰብበት፤ በሁለቱም ጎን 70 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታና ትንሽ የበግ ፀጉር ምንጣፍ ክፍሉን ከሚሞላ ባለ አበባ ምንጣፍ ይበልጣል።

ሽታን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ። የወይራ ጭስም ዕጣንም ለዚህ ክፍል ሽቶ ከሚረጭ ጣሳ ይሻላሉ፤ ነገር ግን ከመኝታ 1 ሰዓት ቀድሞ፣ መስኮት ተከፍቶ ይጨስና የከሰሉ ማንደጃ ከነፍሙ ይውጣ። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛም ጋዝ ሽታ የለውም። እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። ለሌሊቱ ትንሽ አሪቲ ወይም ጠጅ ሣር ራስጌ አካባቢ ማስቀመጥ ይበቃል።

እዚያ ቤት ኤሲው አልተሰቀለም። ከፋዩ ወርዶ በስስ ጥጥ ተተካ፤ ከበሩ በላይ ያለው ጣውላ ተሠራ፤ ስፖቶቹ ተነቅለው ቀዳዳው ተደፈነ። ክርክር የተነሣው ፋይበር ግላሱ ላይ ነው። አባወራው ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች አልስማማም አሉ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን የሐምሌ ዝናብ ጭራሽ መስማት አይፈልጉም። እመቤቲቱ ደግሞ «ዝናቡን ካልሰማሁማ ምኑን መኝታ ቤት ሆነ!» አሉ። ከአልጋው በላይ ሙሉው 10 ሳንቲ ሜትር ተነጠፈ። በሐይቁ በኩል ያለው የበረንዳው ቆርቆሮ ግን ምንም ሳይደረግበት ባዶውን ቀረ፤ ዝናቡ ከአልጋው 3 ሜትር ርቆ ይሰማል።